ገመቹን በሰባት ዓመት ያስረጀሁበት ወረቀት

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የተወደዳችሁ! ጌታ ለእኔ ለቀናተኛው ያደረገልኝን ልናገር ተነሥቻለሁ። ሰብሳቢያችን «አባባ ተክሌ፣ አደራ፣ ባጭሩ» ብለውኛል። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ መጣሁ። በቃሌ ከሆነ ግማሽ መንገድ ላይ ራሴን ማሳመር እንደምጀምር አውቀዋለሁ። ወረቀቱ እንኳ ይያዘኝ ብዬ ነው። ስሙ ይባረክ!

እዚህ ቆመው የሚመሰክሩ ሰዎች ጠጪ ነበርኩ፣ ጠንቋይ ቤት እመላለስ ነበር፣ ሰው ፈንክቼ ታስሬ ነበር ይላሉ። ጉባኤው ያለቅሳል። እኔ ያንን ስሰማ እንኳ ትንሽ እቀናለሁ፤ የእኔ ኃጢአት እንዲህ የሚወራለት አይደለም። አልጠጣሁም፣ አልሰረቅሁም፣ ማንንም በጥፊ አልመታሁም። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ የመንግሥት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ዝም ብዬ ቀናሁ። በቃ። ግን እሱ ብቻውን ሊገድለኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከወጣ በአሥራ ስድስት ዓመት ገደማ፣ እዚሁ አሰላ ነው። ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ በፍርድ ቤት በጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት እሠራለሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል የምትጽፍ አንዲት መኪና ነበረች፤ እሷን የምነካ እኔ ብቻ ነኝ። እንግሊዝኛዬ የዘጠነኛ ክፍል ነው። ዘጠነኛን ግን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ ከሌላው ሰው ዘጠነኛ ይበልጣል።

ገመቹ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ሳጉሬ አጠገብ ካለ ገጠር ነው የመጣው። እናቱ አደ ቦንቱ ለእናቴ ቅቤ ያመጡ ነበርና፣ ልጃቸው ለትምህርት ሲመጣ በእኛ ጓሮ ባለችው ክፍል ተቀመጠ። አማርኛ አይችልም ነበር። ሀ ሁን ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሲሳሳት እየሳቅሁ፣ ሲያውቅ እየኮራሁ አስተማርኩት። በሁለት ዓመት ደረሰብኝ። እኔ ሁለተኛውን ዘጠነኛዬን ስማር እሱ አሥረኛ ገባ። ከዚያ እኔ ደመወዝ ይሻለኛል ብዬ ወጣሁ፤ እሱ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ። ወንድሞቼ፣ እጁን ይዘህ ያስኬድከው ሰው ቀድሞህ ሲሄድ ጀርባውን ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው!

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለ ጌታን አገኘ። ይባስ ብሎ ጥሩ ሰው ሆነ። ክፉ ቢሆንልኝ ኖሮ ምን ያህል በቀለለኝ!

አንድ ቀን ከፖስታ ቤት በቀጥታ እየሮጠ መሥሪያ ቤቴ ገባ።

«ተክሌ! ና እይ! ተቀበሉኝ እኮ!»

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ከአሜሪካን አገር ኮሌጅ የመጣ የብቁነት ወረቀት ነው። ለመማር ብቁ ነው፣ እንግሊዝኛው ይበቃል፣ ወጪውን ኮሌጁ ይችላል፤ በዚህ ቀን ቀርቦ ይመዝገብ፤ ካልቀረበ ወረቀቱ ዋጋ የለውም ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ይመስላችኋል። ስሕተት እየፈለግሁ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። አፌ ነው ያለው፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ዛሬ ልጆቻችሁን የምትልኩ ታውቁታላችሁ፤ ያ ወረቀት ብቻውን ሰው አያሻግርም። አብርሃም ይስሐቅን እንደወለደ፣ ወረቀት ወረቀትን ወለደ። የብቁነት ወረቀቱ ፓስፖርትን ወለደ፤ ፓስፖርት ዋስን ወለደ፤ ዋስ የፖሊስን «ወንጀል የለበትም» ወለደ፤ እሱም የፈንጣጣ ክትባትንና የሳንባ ራጅን ወለደ። ገመቹ አዲስ አበባ ሄዶ ራጅ ተነሥቶ መጣና «ሐኪሙ ሳንባህ የሚያምር ነው አለኝ» ብሎ ሳቀ። ወንድሞች፣ እኔ በሰው ሳንባ ቀናሁ! ሳንባው ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ቀናሁ።

ከሥራ ስመለስ እናቴ ደጃፍ ላይ ትጠብቀኛለች።

«የቦንቱ ልጅ አሜሪካን ሊሄድ ነው አሉ!»

«ሰምቻለሁ።»

«በዚህ ጓሮ ያደገው!»

«ሰምቻለሁ አልኩሽ እኮ፣ እማዬ።»

«አንተስ ምን አለህ?»

«ደመወዝ አለኝ።»

«ደመወዝማ ዘበኛውም አለው።»

የመጨረሻው ወረቀት የልደት ማስረጃ ነበር። ያን ጊዜ በገጠር ልደት ማን ይመዘግባል? ልማዱን ትልልቆቹ ታስታውሱታላችሁ። ልጁ ሲወለድ የነበሩ ሦስት ሽማግሌዎች ዳኛ ፊት ቀርበው ይምላሉ። ቃላቸው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ጸሐፊው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይጽፈዋል፤ ማኅተም ተመትቶበት፣ ፖስታው በሰም ታሽጎ ለአሜሪካን ቆንስላ ይላካል። ባለጉዳዩ ራሱ ከፍቶ አያየውም። ጸሐፊው ማን ነው? ይኸው ፊታችሁ የቆመው።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በበቅሎ መጡ። ትልቁ ኦቦ ቃሲም ይባላሉ፤ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ፣ ቀጥ ያሉ ሰው። በአገራቸው ወሰን ቢገፋ፣ ደም ቢፈስ፣ የእሳቸው ቃል ነው ነገሩን የሚቆርጠው። ዳኛው «ይህ ልጅ መቼ ተወለደ?» ሲሏቸው እንዲህ ብለው መለሱ።

«ክተት ተብሎ ዘማቹ ወደ ማይጨው በተጠራበት መጸው ነው። ገብሱ ገና አልታጨደም። ቀይዋ ላሜ በዚያው ሳምንት መንታ ወለደች። እናቱን ምጥ ሲይዛት አዋላጇን በፈረስ ያመጣሁ እኔ ነኝ።»

«ይምላሉ?»

«ውሸት ተናግሬ እንደሆን የልጆቼን በረከት አያሳየኝ።»

ሁለቱም እንደዚሁ ማሉ። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ ቁጥር መዝገብ ላይ ሰፈረ። ፈረንጆች በቁጥር ከእኛ እንደሚቀድሙ ታውቃላችሁ፤ በመጸው ለተወለደ ልጅ ሰባት ይደመራል። እኔ ይህን አላውቅም? ሥራዬ እኮ ነው! ጣቴ መኪናዋ ላይ ቆመ። ከዚያ የእኛን ቁጥር እንዳለች፣ ምንም ሳልደምርባት፣ በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ አስቀመጥኳት። በማን አቆጣጠር እንደሆነም አልጻፍኩም።

ልቤ «ውሸት የለበትም፤ ሽማግሌዎቹ ያሉትን ዓመት ነው የጻፍከው» አለኝ። እውነቱንም ነው! ሰይጣን ሁልጊዜ ውሸት አያስጽፍም፣ ወንድሞቼ። አንዳንዴ እውነቱን ያስጽፍህና ሰባት ብቻ ያስጎድልሃል። ሰሙን ሳቀልጥ ጣቴን አቃጠለኝ። ማስጠንቀቂያ ሊሆነኝ ይችል ነበር፤ እኔ ግን ጣቴን ጠባሁና ማኅተሙን መታሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከቆንስላው ደብዳቤ መጣ። «ስለ ዕድሜዎ የቀረቡት ማስረጃዎች እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ፣ እስኪጣራ ድረስ ጉዳይዎ ቆሟል» ይላል። የትምህርት ቤቱ ወረቀት ገመቹን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ይለዋል፤ የእኔው የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎልማሳ። ደብዳቤው ግን የቱ ወረቀት ምን እንደሚል አልዘረዘረም። ለመመዝገቢያው የቀረው አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነው።

ገመቹ ደብዳቤውን ይዞ እኔው ጋ መጣ።

«ምን ይሆን፣ ተክሌ?»

«እንጃ» አልኩት።

በዕድሜዬ ብዙ ቃል ተናግሬያለሁ። እንደዚያች «እንጃ» የከበደኝ የለም።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። የዚያን ቀን ምሳ ቀረበልኝ፤ አልወርድ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሆዴ ውስጥ ፍም የተቀመጠ ይመስል ያቃጥለኝ ጀመር። እናቴ ተልባ አፈላችልኝ፤ ፌጦ በጠበጠችልኝ። አልሆነም። ሱሪዬን በገመድ እስካስር ድረስ ከሳሁ። በመጨረሻ ሚስዮን ክሊኒክ ሄድኩ። ፈረንጁ ሐኪም ሆዴን እንደ ሊጥ አገላብጠው አዩት፤ ድሬሰሩ ያስተረጉማል።

«ዶክተሩ ሆድህ ጤነኛ ነው ይላሉ።»

«ጤነኛ ከሆነ ለምን ያቃጥለኛል?»

ሐኪሙ ፊቴን ትክ ብለው አዩና አንድ ነገር ተናገሩ።

«የተጣላኸው ሰው አለ ወይ ይላሉ።»

«የለም! ከሰው ሁሉ ጋር ሰላም ነኝ በልልኝ።»

ነገራቸው። ፈገግ ብለው እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ።

«ምን አሉ?»

«እንግዲያው ለዚህ መድኃኒት የለኝም አሉ።»

በዚያው ሰሞን ገመቹ ነገሩን ለሽማግሌዎቹ ሊነግር አገሩ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ኦቦ ቃሲም አብረውት መጡ። እኔ መኪናዬ ላይ አጎንብሻለሁ። ዳኛው ፊት ቀርበው እንዲህ አሉ፦

«ጌታዬ፣ ከእንግዲህ ለምስክርነት እንዳይጠሩኝ ልለምን ነው የመጣሁ።»

«ለምን፣ ኦቦ ቃሲም?»

«ቃሌ አልሰመረም ተብሏል። ላሟን አስታውሳለሁ፣ ገብሱን አስታውሳለሁ፤ ግን እንግዲህ አርጅቻለሁ ማለት ነው። ዓመቱን ከሌላ ዓመት ቀላቅዬው ይሆናል። በልጆቼ በረከት ምዬ ተሳሳትኩ። ከአሁን በኋላ በሰው ጉዳይ አልቀመጥም።»

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ተክሌ፣ መዝገቡን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ፣ ጌታዬ። የተጻፈው እሳቸው ያሉት ዓመት ነው።»

አያችሁ? አሁንም አልዋሸሁም! እንዲህ ያለ እውነት ተናጋሪ ነበርኩ።

ገመቹ የሽማግሌውን እጅ ያዘ። «አባባ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም።»

«ታዲያ ማን ተሳሳተ፣ ልጄ?»

መልሱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም እኔ ነኝ። መዝገቡ ከጉልበቴ በላይ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ሽማግሌው ሲመጡ የበረንዳውን ደረጃ ብቻቸውን ነበር የወጡት፤ ሲወርዱ የገመቹን ትከሻ ተደግፈው ወረዱ። ለገመቹ ሰባት ዓመት የጨመርኩበት በወረቀት ነው። ለእሳቸው ግን በእውነት ጨመርኩባቸው።

ታዲያ ንስሐ ገባህ ወይ ትሉኛላችሁ። የት አባቴ! እሑድ ከሰዓት በኋላ ገመቹና ጓደኞቹ ወደሚጸልዩባት ቤት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ላሳምረው አልችልም፤ ጽፌዋለሁና። ሲያዝን ላየው ነው የሄድኩት። በደስታው ቀንቼ፣ በኀዘኑ ልጠግብ።

ቤቷ ሃያ ሰው የማትይዝ ቆርቆሮ ቤት ናት። ሰፈሩ እዚያ የሚገባን ሰው በክፉ ዓይን ስለሚያይ፣ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ስቤ በሩ ጥግ ተቀመጥኩ። ዘመሩ። ደስ ብሏቸው ሲዘምሩ፣ እናንተው ፍረዱኝ፣ በመዝሙራቸውም ቀናሁ። ከዚያ ገመቹ ተነሥቶ ጸለየ። የልቡን ሲናገር ወደ ኦሮምኛ ነበር የሚመለሰው፤ አሰላ አድጌ ኦሮምኛ አይጠፋኝም። እንዲህ አለ፦

«ዋቃዮ፣ አባቴ! በሩን የዘጋኸው አንተ ከሆንክ ይሁን። ኦቦ ቃሲምን ግን አታሳፍርብኝ። የወንድሜን የተክሌን ሆድ ፈውስልኝ። ፊደል የሰጠኝ እሱ ነው። ከእኔ ይልቅ መማር የሚወድ እሱ ነበር። እኔ ካልሄድኩ፣ አባቴ፣ እሱን ውሰደው።»

እሱን ውሰደው!

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ በሩ አጠገቤ ነበር፤ ልወጣ አሰብኩ፤ አልወጣሁም። ለወራት በክፋት የተመኘሁትን ነገር እሱ ለእኔ እየለመነልኝ ነበር። ሰባኪ አልሰበከኝም፤ እጁን የጫነብኝ የለም። ጋቢዬን ነክሼ እንዳላለቅስ ታገልኩ፤ ጋቢው አልበቃኝም፤ እንደ ጥጃ ጮኽኩ። አንዲት እናት «ውይ፣ ይኼን ልጅ ምን ነካው?» ሲሉ እሰማለሁ። «ጌታ ሆይ» አልኩ፣ «ቀናተኛ ነኝ። ፈሪም ነኝ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ጉዳይ ካለህ ውሰደኝ።» ወሰደኝ! ሃሌሉያ! ክብር ለስሙ ይሁን! ለአሜሪካን ብቁ ያልሆንኩትን ሰው፣ ለመንግሥቱ ማንም ብቁነት ሳይጠይቀኝ ወሰደኝ!

ሰው ሲበተን ገመቹን ባሕር ዛፉ ሥር አገኘሁት።

«ወረቀቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«የትኛውን?»

«የልደትህን። ሰባቱን አልደመርኩም።»

ዓይኑ በራ። «ረስተህ!»

እዚህ ላይ፣ ወንድሞቼ፣ ሰይጣን ሰፊ በር ከፈተልኝ። «አዎ፣ ረስቼ» ብል አለቀ። ገና የግማሽ ሰዓት ክርስቲያን ነኝ።

«አልረሳሁም» አልኩት።

አቅፎ ሳመኝ የምላችሁ መስሏችኋል። ኮሌታዬን ነው ያነቀው።

«ሃያ ዘጠኝ? ሃያ ዘጠኝ ዓመት አደረግኸኝ? እናቴ ለመንገዴ ላሟን ሸጣለች! ሽማግሌው ከሰው ፊት ወጥተዋል! ለምን? ምን አደረግሁህ?»

«አለፍከኝ።»

ለቀቀኝ።

«የእኔና ያንተ በኋላ ይታያል። ነገ ጠዋት ለዳኛው ትናገራለህ። ከዚያ ኦቦ ቃሲም ጋ ሄደህ በአፍህ ትነግራቸዋለህ። እኔ አልነግርልህም።»

«አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

«አልሄድም!» ብሎ ጥቂት ተራምዶ ቆመ። «እስከ ዳኛው በር ብቻ።»

ጠዋት እስከ በሩ አደረሰኝ። ዳኛው መዝገቡን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ቤት በውሸት በሐሰት የሚመሰክር ስንቱን አይቻለሁ። በእውነት በሐሰት የመሰከረ ግን አንተን አየሁ። ቁጭ በልና ጻፍ። ጽፈህ ስትጨርስ ከዚያች መኪና ተነሣ፤ አትመለስባትም።»

ሰባቱን ደምሬ ጻፍኩ። የፊተኛው ስሕተት የሽማግሌዎቹ ሳይሆን የጸሐፊው መሆኑን ጨመርኩና ፈረምኩበት። ተነሣሁ። ዘበኛው እንኳ ደመወዝ አለው፤ እኔ የለኝም።

ከዚያ ወደ ኦቦ ቃሲም። ሁሉን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ መጀመሪያ የጠየቁኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?

«ቀይዋ ላሜ ልክ ነበረች?»

«ልክ ነበረች፣ አባባ።»

«ዓመቱም?»

«ዓመቱም።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ይቅር በሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። «እዚህ አይደለም። በአደባባይ የወደቀ ስም በጓዳ አይነሣም። ዓርብ ሰው ከስግደት ሲወጣ፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ዛፍ ሥር ድገመው።» ዓርብ ዛፉ ሥር ቆሜ ደገምኩት፤ ያውም በተሰበረ ኦሮምኛ። ሰው አጉረመረመ፤ አንዳንዱም ሳቀብኝ። ሽማግሌው ዛፉ ሥር ወዳለው ቦታቸው ሄደው ተቀመጡ። በሰው ጉዳይ እንደገና ተቀመጡ፣ ወንድሞቼ! ስሙ ይመስገን!

ልመለስ ስል አደ ቦንቱ መንገድ ላይ ጠብቀውኝ ነበር። ጭኮ ይዘዋል፤ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ።

«ብላ» አሉኝ።

«አደ፣ ሆዴን ያመኛል።»

«ያመመህ ልጄን ስታስቀር ነው። ብላ አልኩህ!»

ፈርቼ በላሁ። ገንፎ እንኳ እምቢ ሲል የከረመ ሆድ ያን ሁሉ ቅቤ ተቀበለ። አላቃጠለኝም። አልተመለሰም። መንገድ ላይ ቆሜ ሆዴን ነካሁት፤ ፍሙ የለም! ሐኪሙ መድኃኒት የለኝም ያሉለት ሆድ በተበደለች እናት እጅ ተፈወሰ። ጌታ የሚገርም ነው!

የገመቹስ? አዲሱ ወረቀት ቆንስላው ዘንድ ደርሶ ጉዳዩ ሲከፈት የመመዝገቢያው ቀን አልፎ ነበር። የብቁነት ወረቀቱ ወደቀ። ይህን ላለሳልሰው አልችልም፤ በእኔ ቅናት ወደቀ። ገመቹ ለኮሌጁ ጻፈ። እኔም ሥራ ፈት ስለሆንኩ ጊዜ ነበረኝና ጾምኩ፣ ጸለይኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እንዲያልፈኝ ጸለይኩ። ጸሎቱ በግድ ነበር የሚወጣው፤ ግን ወጣ። ኮሌጁ ለሁለተኛው ወሰነ ትምህርት አዲስ ወረቀት ላከለት። ክብር ለጌታ!

ሲሄድ አውቶቡስ ድረስ ሸኘሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም ነበር። ሻንጣውን ጣሪያ ላይ አስጭኖ ወደ እኔ መጣ።

«አሁንም ትቀናለህ?»

«አዎ።»

«በጣም?»

«ያቺ ጣሪያ ላይ የታሰረችው ዶሮ እንኳ ካንተ ጋር እስከ አዲስ አበባ ስለምትሄድ ቀንቼባታለሁ።»

ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀና አንገቴን አቀፈኝ። ይቅርታዬን በሳቅ ነው የተቀበልኩት፤ ከዚያ የበለጠ ማኅተም አይቼ አላውቅም።

እኔ ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ማመልከቻ እየጻፍኩ ኖርኩ። ስንቱ ልጅ የልደት ወረቀቱን አስጽፎኝ ባሕር ተሻገረ! እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ እደምር ነበር። እያንዳንዱ ሲሄድም ያቺ የድሮ ቅናት ብቅ ትላለች። ሞተች ብዬ አልዋሻችሁም። ስትመጣ ግን የሰውየውን ስም ለጌታ እነግረዋለሁ፤ እሷ ታፍራለች፣ እኔም ምሳዬን እበላለሁ። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ሆዴ ጤነኛ ነው! ጌታ ይመስገን!

በሰው ደስታ ሆዱ የሚቃጠል ካለ መካከላችን፣ እጅህን አንሣ አልልህም፤ እኔም ያን ቀን ጋቢ ውስጥ ነበርኩ። ሄደህ ለዚያ ሰው ንገረው ነው የምልህ። ሥራ ልታጣ ትችላለህ፤ አጥቻለሁ። ኮሌታህ ሊታነቅ ይችላል፤ ታንቄያለሁ። ጌታን ግን ታመነው፤ እውነት ተናግሮ ባዶውን የቀረን ሰው እሱ አይጥለውም።

እንግዲህ ዓይናችንን እንጨፍን። እያንዳንዳችን የቀናንበትን አንድ ሰው በስሙ ጠርተን እንባርከው። እኔ ልጀምር፤ የእኔ ብዙ ነው።